ከሜዲስን ሃት እስከ ሆፕ፦ ስለ 3 ቁጥር መንገድ የምታውቁትን አምጡ

ባለ18ጎማ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ካናዳ፣ ካልጋሪ ነኝ፣ ተሳቢ ነው የምነዳው። ከሌዝብሪጅ ጭነት ይዤ ወደ ቫንኩቨር ስወርድ ብዙ ጊዜ በ3 ቁጥር ነው የምሄደው፣ ክሮውስኔስት ሃይዌይ በሚሉት። ጓደኞቼ በሙሉ በባንፍ በኩል በ1 ቁጥር ነው የሚሄዱት። እኔን «ያን የፍየል መንገድ ምን አስወደደህ?» ይሉኛል። እውነትም አይመችም። ከሜዲስን ሃት ከ1 ቁጥር ተገንጥሎ ሆፕ ላይ መልሶ እስኪገናኘው 1,160 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ 320 ያህሉ አልበርታ ክፍለ ሀገር ነው፣ የቀረው ቢሲ (ብሪቲሽ ኮሎምቢያ)። አብዛኛው አንድ መሄጃ አንድ መመለሻ ነው። ፊትህ ካራቫን የሚጎትት ሽማግሌ ከገባ አለቀልህ፣ እስከሚቀጥለው ማለፊያ ድረስ ጀርባውን እያየህ መጸለይ ነው።

ስሙ በእኛ ሲተረጎም የቁራ ጎጆ ማለት ነው። አንዴ ኩትኒ ፓስ (ፓስ የሚሉት የተራራ ማለፊያውን ነው) ተዘግቶብኝ ታች ሳድር አንድ ወዳጄ ደውሎ «የቁራ ጎጆ ገብተህ እንደ ኖኅ ቁራ ቀረህ» ብሎ ስቆብኛል።

አሁን ለምን እንደጻፍኩ። ባለፈው ሳምንት ፍራንክ የምትባል ቦታ ላይ ቆምኩ። መንገዱ ግራና ቀኝ ቤት ቤት በሚያክል ድንጋይ መሀል ነው የሚያልፈው። ለስንት ዓመት ሳልፍበት የድንጋይ ካባ ይመስለኝ ነበር። እግሬን ላፍታታ ወርጄ የተተከለውን ሰሌዳ ሳነብ ለካ መቃብር ላይ ነው ስነዳ የኖርኩት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 1903 ለሊት ሰው በተኛበት ተራራው ተንዶ ነው። የከሰል ማዕድን ሲቆፍሩት ነው የወደቀው አሉኝ። ከተማዋ በሙሉ አልቃ አንዲት ሕፃን ብቻ ተረፈች ብሎ አንድ ሰውዬ ነገረኝ። አንጀቴን ነው የበላኝ።

በዚህ መንገድ የምትመላለሱ ወይም ዳር ላይ የምትኖሩ ካላችሁ፣ ሌላ ምን ሳላውቅ አልፌ ይሆን? አምጡት።

(ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።)

የሌዝብሪጇ

ወንድሜ እንኳን ቆምክ። እኔ እዚሁ ሌዝብሪጅ ነኝ፣ እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር ፍራንክ ነው የምወስደው፣ ስለዚህ አስጎብኚዎቹ የሚሉትን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ያ ሰውዬ ተረት ነው የነገረህ። ከተማዋ በሙሉ አላለቀችም። ያኔ 600 ያህል ሰው ነበራት፣ ናዳው የመታው ምሥራቃዊ ጫፏን ነው። የሞቱት ከ70 እስከ 90 ይሆናሉ ይባላል፤ ቁጥሩ የማይታወቀው ሥራ ፍለጋ መጥተው ድንኳን ተክለው ያደሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው፣ እነሱን ማንም አልመዘገባቸውም። ሕፃናትም ቢሆኑ የተረፉት ሦስት ሴት ልጆች ናቸው። አንዷ ከቤታቸው ተወርውራ ድርቆሽ ላይ ነው የተገኘችው። ባንኩ ከነገንዘቡ ተቀብሯል የሚባለውም ውሸት ነው፣ ባንኩን ናዳው አልነካውም።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ማዕድኑ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የገቡ 17 ሠራተኞች ነበሩ። መግቢያው ተደፈነባቸው። ከሰሉን ወደላይ እየቆፈሩ ከ13 ሰዓት በኋላ በራሳቸው ወጡ። ሲወጡ ገሚሶቹ ቤታቸው የለም፣ ሚስትና ልጅ የለም። ውጭ ያለው ሞቶ መሬት ውስጥ ያለው ተረፈ።

አንድ ቻርሊ የሚባል የማዕድኑ ፈረስም ነበር። ከወር በላይ ጨለማ ውስጥ የግንድ ልጣጭ እየበላ፣ የጠብታ ውኃ እየላሰ ቆየ። ሲያገኙት ደስ ብሏቸው አጃና ብራንዲ አበዙለት። ሞተ።

ድንጋይ ቆጣሪ

ምክንያቱ ላይ ልግባ፣ የተማርኩት እሱኑ ስለሆነ። «ማዕድኑ ነው የጣለው» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ተራራው ኤሊ ነው ስሙ፣ ተርትል ማውንተን። ከላይ ከባድ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ከሥር ደግሞ ለስላሳ ድንጋይና ከሰል። የድንጋዩ ንጣፍም ቀጥ ብሎ አልተኛም፣ ተጣጥፏል፣ ተሰንጥቋል። ድሮም መውደቁ የማይቀር ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች «የሚንቀሳቀሰው ተራራ» ይሉት ነበር፣ ሥሩም አይሰፍሩም። በዚያ ላይ ማዕድኑ እግሩን ቦረቦረው። በዚያ ላይ የዚያ ሌሊት ብርድ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ውኃ በረዶ አደረገው፣ በረዶ ደግሞ ሲሰፋ ድንጋይ ይፈለቅቃል። ሰበቡ ሦስት ነው፣ አንዱን ብቻ ነጥለህ ማሰር አትችልም።

መጠኑ 82 ሚሊዮን ቶን ገደማ ኖራ ድንጋይ። ሁሉም ነገር ያለቀው በ100 ሰከንድ ውስጥ ነው። የወደቀው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ10 ላይ ነው፣ ይህንን እንኳ በእኛ ሰዓት ነው የጻፍኩት።

ተራራው ላይ አሁንም የቀረ ጫፍ አለ፣ በመሣሪያ ይከታተሉታል። አንድ ቀን እሱም ይወርዳል።

ነገር በምሳሌ

እና አንተ በሥሩ ለመንዳት ትመላለሳለህ 😂

ባለ18ጎማ

አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። ድንጋይ ቆጣሪ፣ ይቺን የመጨረሻዋን መስመር ባትጽፋት ጥሩ ነበር።

ባቡርም ነበር አይደል? ሐዲዱ ከመንገዱ አጠገብ ነው።

የሌዝብሪጇ

ነበር። ሐዲዱ ሁለት ኪሎሜትር ያህል ተቀበረ። በዚያ ሰዓት ስፖካን ፍላየር የሚባለው የመንገደኞች ባቡር እየመጣ ነበር። ሲድ ሾኬት የተባለ የጭነት ባቡር ፍሬን ሠራተኛ ጨለማውንና አቧራውን ሳይፈራ፣ ገና ትኩስ በሆነው ድንጋይ ላይ እየተንጠላጠለ ማዶ ተሻግሮ ባቡሩን አስቆመው። ድርጅቱ ለውለታው 25 ዶላርና የምስጋና ደብዳቤ ሰጠው ይባላል። ሃያ አምስት።

አዲስ መጤ

ሰላም ለሁላችሁ። ይቅርታ ታሪኩን ላቋርጥ ነው። ሌዝብሪጅ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። ታኅሣሥ ላይ ቫንኩቨር ያለች እህቴ ጋ ልሄድ ነው፣ በቤት መኪና፣ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር። ጂፒኤሱ በ3 ቁጥር ይለኛል። በረዶ ላይ ነድቼ የማውቀው ከተማ ውስጥ ብቻ ነው። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ኤንትሬ

ልጄ፣ መጀመሪያ እንኳን ደህና መጣህ።

እኔ አገር ቤት በፊያት ኤንትሬ የአሰብን መስመር ስመላለስ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ እዚህ መጥቼም ጡረታ እስክወጣ ተሳቢ ነው የጎተትኩት። ስለዚህ የምነግርህን ስማ። ሊማሊሞን የነዳ ሰው ይሄ መንገድ በጠመዝማዛነቱ አያስፈራውም። ልዩነቱ ሌላ ነው። ሊማሊሞ ገደሉ ይታይሃል። እዚህ የሚገድልህ አይታይም፣ አስፋልቱ ላይ የተኛ መስታወት የመሰለ ጥቁር በረዶ ነው።

መንገዱን በቁርጥ በቁርጥ ልንገርህ። ከሌዝብሪጅ እስከ ፒንቸር ክሪክ ሜዳ ነው፣ ጠላትህ ነፋስ ነው። ባዶ ተሳቢ ይገለብጣል፣ መሪህን በሁለት እጅህ ያዝ። እዚያ የነፋስ ወፍጮ የተተከለው ለጌጥ አይደለም፣ ካናዳ ውስጥ ለንግድ የሚሆን የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ የቆመው እዚያው ካውሊ ላይ ነው፣ በ1993። ከዚያ ክሮውስኔስት ፓስ አለ፣ ስሙ ነው የገነነ እንጂ 1,358 ሜትር ብቻ ነው፣ ሳታውቀው ታልፈዋለህ። ፈርኒ፣ ክራንብሩክ፣ ክረስተን ደህና ናቸው።

ቀበቶህን የምታጠብቀው ከክረስተን በኋላ ነው። ኩትኒ ፓስ 1,775 ሜትር ነው። ከክረስተን እስከ ሳልሞ ስልክ የማይሠራበት ብዙ ቦታ አለ፣ ነዳጅ ማደያም የለም፣ ክረስተን ላይ ሙላ። የበረዶ ናዳ ስለሚያሰጋ እየዘጉ ነው የሚያወርዱት፤ ተራራው ላይ የተተከሉ ቱቦዎች አሉ፣ በጋዝ እያፈነዱ በረዶውን እነሱ በፈለጉት ሰዓት ይንዱታል፣ አንተ ታች ቆመህ ትጠብቃለህ። አትናደድ። ከዚያም ፖልሰን አለ፣ አናርኪስት ማውንተን አለ፣ መጨረሻ ላይ አሊሰን ፓስ አለ። አራቱንም በአንድ ቀን ልጨርስ አትበል፣ ግማሹ ላይ እደር።

የክረምት ጎማ ግዴታ ነው፣ ቢሲ ውስጥ በተራራ መንገድ ከጥቅምት 1 እስከ ሚያዝያ 30። ጎማው ጎን ላይ የተራራና የበረዶ ምልክት መኖሩን በዓይንህ አረጋግጥ፣ የሸጠልህን ሰው አትመን። ብርድ ልብስ፣ ሻማ፣ ውኃ፣ አካፋ። ልጅ ይዘሃልና።

ነገር በምሳሌ

ጋሼ ኤንትሬን አክብሬ ነው፣ ግን ለምን በ1 ቁጥር ሂድ አይሉትም? ባንፍ አለ፣ ሆቴል አለ፣ ስልክ ይሠራል፣ ብዙው ሰፊ ነው። አዲስ ሰው ከነልጁ በዚያ በረሃ መላክ ምን የሚሉት ነው።

ኤንትሬ

1 ቁጥርም ሮጀርስ ፓስ አለው፣ እሱም ይዘጋል፣ እዚያም ናዳ አለ። ሰፊ መንገድ ሰው ያስሮጣል። እኔ በዘመኔ መንገድ ዳር ተገልብጦ ያየሁት መኪና ጠባቡ ላይ ካየሁት ሰፊው ላይ ያየሁት ይበልጣል። ደግሞ ልጁ ያለው ሌዝብሪጅ ነው፣ ካልጋሪ ድረስ ወደ ሰሜን ወጥቶ ሊመለስ ነው? የአየሩን ሁኔታ አይቶ ይወስን። ክፉ ቀን ከሆነ ሁለቱም ክፉ ናቸው።

ነገር በምሳሌ

እሺ ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። በከፊል።

ባለ18ጎማ

ስለ 1 ቁጥርና 3 ቁጥር ክርክር እኔም የምለው አለኝ። ኅዳር 2021 ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ያ ጎርፍ ሲመጣ 1 ቁጥር ተቆረጠ፣ 5 ቁጥር፣ ያ ሁሉ የሚመካበት ኮኪሃላ፣ ድልድዮቹ ተበሉ። ቫንኩቨርን ከቀረው አገር ጋር የሚያገናኝ መንገድ ለቀናት ጠፋ። 3 ቁጥርም ተመትቶ ነበር፣ እሱ ላይ ያለችው ፕሪንስተን ከተማም ውኃ ገብቷት ነበር፣ ግን መጀመሪያ ጠግነው የከፈቱት እሱን ነው፣ ኅዳር 19፣ አስፈላጊ ጉዞ ላለው ብቻ ተብሎ። ኮኪሃላ ለጭነት መኪና የተከፈተው ታኅሣሥ 20 ነው። አንድ ወር ሙሉ ያ «የፍየል መንገድ» ነው የቫንኩቨርን ወተትና ዱቄት የተሸከመው።

እኔ ያኔ ሌላ ድርጅት ነበርኩ፣ ስሙን አልጠራም። ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድበው ሰው) የጎማ ሰንሰለት እንኳ ሳይኖረኝ ዝም ብለህ ውጣ አለኝ። እምቢ አልኩ። «አንተ ካልሄድክ የሚሄድ ሞልቷል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሞልቷል፤ 3 ቁጥር በሚያልፍበት ማኒንግ ፓርክ ውስጥ ያንን የመሰለ ትራፊክ ለምዶ የማያውቅ መንገድ ላይ ተሳቢ በተሳቢ ሆኖ፣ ተራራ ነድቶ የማያውቀው ልጅ ሁሉ ወጥቶበት፣ ገደል የገባውንና መንገድ የዘጋውን በዓይኔ ያየሁት በሚቀጥለው ሳምንት ሰንሰለቴን ገዝቼ ስሄድ ነው። ያንን ሥራ ለቅቄያለሁ።

የሌዝብሪጇ

እግዜር አተረፈህ።

እስቲ ከባድ ወሬ በዛ፣ አንድ የኮንትሮባንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አልበርታ ከ1916 ጀምሮ መጠጥ ከልክላ ነበር። ቢሲ ደግሞ ቀድማ ፈቀደች። እንግዲህ አስቡት፣ ተራራው አንድ ወገን ውስኪ በሽበሽ፣ ሌላው ወገን ጉሮሮው የደረቀ የከሰል ሠራተኛ፣ መሀሉ ላይ ይሄ መንገድ። ያኔ አስፋልት የለም፣ ፒስታ ነው።

ኤሚሊዮ ፒካሪዬሎ የሚባል ጣልያን ነበር፣ «ኤምፐረር ፒክ» ይሉታል። ፈርኒ ላይ አይስክሬም ሲሸጥ፣ ጠርሙስ ሲሰበስብ (ቆራሌው በሉት) ቆይቶ ብሌርሞር ከተማ ላይ ሆቴል ገዛ። ጠርሙስ ካለህ ምን ትሞላበታለህ? ማክላክሊን የሚባሉ ፈጣን መኪናዎች ነበሩት፣ ሕዝቡ «ውስኪ ሲክስ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ሰውዬው ለድሃ ዱቄት ያከፋፍላል፣ የከተማው ምክር ቤት አባልም ሆኖ ተመርጧል። ሰው ይወደው ነበር።

መስከረም 1922 ላይ ልጁ ጭነት ይዞ ሲያመልጥ ሎውሰን የተባለ ፖሊስ ተኩሶ እጁን አቆሰለው። አባትየው ልጄ ሞተ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ፍሎረንስ ላሳንድሮ ከምትባል የ22 ዓመት ልጅ ጋር ኮልማን ድረስ ሄዶ ፖሊሱን ቤቱ በር ላይ አገኘው። ግብ ግብ ሆነ፣ ጥይት ተተኮሰ፣ ፖሊሱ ሞተ። ሁለቱም በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት 2 ተሰቀሉ። አልበርታ ውስጥ በስቅላት የተቀጣች ሴት እሷ ብቻ ናት። የሚያናድደው፣ ክልከላው ራሱ ከእነሱ ስቅላት አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ተነሳ። የፖሊሱ ቤት ኮልማን ውስጥ አሁን ሙዚየም ነው።

ድንጋይ ቆጣሪ

ክሮውስኔስት አካባቢ ሞት አይጠፋም። ሂልክረስት የሚባለው ማዕድን ከፍራንክ ማዶ ነው፣ ሰኔ 19 ቀን 1914 ፈንድቶ 189 ሰው ነው የጨረሰው። በአንድ ቀን። በካናዳ የከሰል ማዕድን ታሪክ ከእሱ የከፋ የለም። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ መቃብሩ አለ፣ በረድፍ ነው የቀበሯቸው።

አዲስ መጤ

ቆይ ግን መንገዱን ማን ሠራው? እንዲህ ተራራ በተራራ ላይ ለምን እዚያ በኩል አመጡት? ከሥር በአሜሪካ በኩል ሜዳ አይደለም እንዴ?

የሌዝብሪጇ

ጥያቄህ ላይ መልሱ አለ። አሜሪካን ለመሸሽ ነው። በ1859 ሮክ ክሪክ ላይ ወርቅ ተገኘ፣ ድንበሩ አፍንጫ ላይ። ወርቅ ፈላጊው የሚመጣው ከአሜሪካ፣ ወርቁም የሚወጣው ወደ አሜሪካ። አገረ ገዢው ጄምስ ዳግላስ በእንግሊዝ መሬት ብቻ የሚሄድ መንገድ ይኑረኝ አለ። ኤድጋር ዲውድኒ የሚባል ወጣት መሐንዲስ በ1860 ከሆፕ ጀመረ። ቀጥሎ ምሥራቅ ላይ ዋይልድ ሆርስ ክሪክ ሌላ ወርቅ ሲገኝ በ1865 እዚያ ድረስ አስረዘመው። 720 ኪሎሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20። የበቅሎ መንገድ ነው እንግዲህ። ወርቁ ወዲያው አለቀ፣ መንገዱ ቀረ። ዛሬ የምንነዳበት ብዙው እሱን ተከትሎ ነው የተሠራው። ለዚህ ነው ሽቅብ ቁልቁል የሚለው፣ የበቅሎ ነገር!

ኤንትሬ

ያንን ያህል አትቸኩይ ልጄ። ሁሉም አንድ ላይ አልተሠራም። ክፍተት ነበረው። ኩትኒ ፓስ የተከፈተው በ1963 ነው፤ ከዚያ በፊት መኪና ሐይቁን በጀልባ ተሻግሮ ነበር የሚሄደው። ምዕራቡ በኩል ደግሞ ሆፕና ፕሪንስተን በመኪና መንገድ የተገናኙት ኅዳር 2 ቀን 1949 ነው። እና ያንን ክፍል ማን ሠራው ብለህ ብትጠይቅ ልጄ፣ ብዙ ሰው አይነግርህም።

ጃፓኖች ናቸው። ጃፓን ስል ወታደር አይደለም፣ ምርኮኛም አይደለም። አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ባለ ሱቅ፣ የካናዳ ዜጋ። ካናዳ ከጃፓን ጋር ጦርነት ከገጠመች በኋላ በ1942 ከባሕሩ ዳርቻ 160 ኪሎሜትር ውጡ ተባሉ። ጀልባቸው፣ ቤታቸው ተሸጠ። ወንዶቹን መንገድ ሥራ ካምፕ አስገቧቸው፣ አንዱ የሆፕ ፕሪንስተን መንገድ ነው። ከሆፕ 22 ኪሎሜትር ላይ፣ ከክልከላው መስመር ልክ ወጣ ብሎ፣ ታሽሚ የሚባል ሰፈር ተሠራ። ከ2,600 ሰው በላይ እዚያ ኖሯል፣ በቀጭን የሳንቃ ቤት፣ በዚያ ብርድ። ስሙ ጃፓንኛ ይመስላል፣ አይደለም፤ የሦስት ባለሥልጣናት ስም መጀመሪያ ፊደላት ተቆርጠው የተቀጠሉ ናቸው። አሁን ሰንሻይን ቫሊ ይሉታል፣ የድሮው ሥጋ ቤት ሙዚየም ሆኗል። ግሪንውድም 1,200 ያህል ተልከው ነበር፣ ግን የዚያች ከተማ ሰው በደህና ተቀበላቸው፣ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ።

ወደ ባሕሩ ዳርቻ መመለስ የተፈቀደላቸው ሚያዝያ 1 ቀን 1949 ነው፣ ጦርነቱ ካለቀ አራት ዓመት ሊሞላው። መንገዱ በዚያው ዓመት በኅዳር ሪባን ተቆረጠለት።

ነገር በምሳሌ

ይሄንን አላውቅም ነበር። ዜጋ ሆነህ እንዲህ መሆን። እኔ ፓስፖርቴን ሳወጣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ድንጋይ ቆጣሪ

መንግሥት በ1988 ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት 21,000 ዶላር ለእያንዳንዳቸው ከፍሏል። ያን ጊዜ ብዙው አልፏል።

እዚያው አካባቢ የእኔም ድንጋይ አለ። ከሆፕ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ጥር 9 ቀን 1965 ንጋት ላይ፣ 47 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ተራራ መንገዱ ላይ ወረደ። የፍራንኩን በቶን ነው የጻፍኩት፣ ይሄ በሜትር ኩብ ነው፤ ከፍራንክ ይበልጣል። አውትራም የሚባል ሐይቅ ነበር፣ የለም አሁን። አስቀድሞ ትንሽ ናዳ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር መኪኖች ቆመው ነበር፦ አንድ የነዳጅ ቦቴ፣ አንድ ድርቆሽ የጫነ፣ አንዲት ቤት መኪና። አራት ሰው ሞተ። የሁለቱ አስከሬን እስከ ዛሬ ከሥር ነው። የዛሬው መንገድ ከድሮው 55 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በናዳው ላይ ነው የሚያልፈው።

መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው የጣለው ተብሎ ነበር። በኋላ ሲታይ መሣሪያው የመዘገበው መንቀጥቀጥ ተራራው ራሱ ሲወድቅ ያሰማው ነው የሚለው አመዘነ።

ባለ18ጎማ

ቦቴ... ለካ የሆፕ መመልከቻው ላይ ቆሜ ሳንድዊች ስበላ ከሥሬ ሹፌሮች አሉ። እሺ። ከእንግዲህ እዚያ ስደርስ ክላክስ አደርጋለሁ።

አዲስ መጤ

ቤተሰብ፣ ሪፖርት! ደርሰናል። በ3 ቁጥር ነው የሄድነው። ጋሼ እንዳሉት ሁለት ቀን አደረግነው፣ ግራንድ ፎርክስ አደርን። ኩትኒ ፓስ ላይ ለበረዶ ማውረድ ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን፣ እንደ መድፍ ነው የሚጮኸው፣ ልጄ በጣም ወደደው። ከፒንቸር ክሪክ በኋላ መንገድ ዳር አንድ የደረቀ ጠማማ ዛፍ አለ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳዋል፣ ምንድነው? ደግሞ ስፓርውድ ያለው አረንጓዴ መኪና የእውነት ነው ወይስ ሐውልት? ጎማው ሥር ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ፣ አልታይም።

ግራንድ ፎርክስ ደግሞ ቦርሽት የሚባል የሩሲያ ሾርባ አበሉን፣ ክሬም የበዛበት። ዱኮቦር የሚባሉ ከሩሲያ የተሰደዱ ሃይማኖተኞች ናቸው ያመጡት አሉን። ባለቤቴ በርበሬ ትንሽ ቢኖር አለች።

ኤንትሬ

ጎበዝ ልጄ። ዛፉ የበርሚስ ዛፍ ነው፣ ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አንዴ ነፋስ ጥሎት ሕዝቡ በብረት ደግፎ መልሶ አቆመው። መኪናው የእውነት ነው፣ ታይታን ይባላል። እንደሱ ያለ አንድ ብቻ ነው የተሠራው፣ በ1970ዎቹ። 317 ቶን ይጭናል፣ ሞተሩ የባቡር ነው፣ 3,300 የፈረስ ጉልበት። ለከሰል ማዕድን ሠርቶ ጡረታ ወጣ፣ እንደኔ።

የሌዝብሪጇ

እንኳን ደህና ገባችሁ። ስትመለሱ ቤት ጎራ በሉ፣ ከድልድዩ አጠገብ ነኝ፣ ያ ረጅሙ የባቡር ድልድይ። ሽሮም በርበሬም አለ።

ነገር በምሳሌ

ሲመለስስ በ1 ቁጥር ነው?

አዲስ መጤ

በ3። ልጄ መድፉን ድጋሚ ልስማ ብሏል።

ባለ18ጎማ

እኔ ሐሙስ ከቴበር ተነስቼ ነው የምወርደው። ነጭ ተሳቢ ነኝ፣ ካየኸኝ መብራት አብራልኝ። ሆፕ አካባቢ ክላክስ ሰምታችሁ ከሆነ እኔ ነኝ።